በገና ደርዳሪን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በዐቢይ ጾም ወደ ቅድስት ሀገር ከሚመጡ ተሳላሚዎች መካከል በገናቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እነርሱን ለማንሣትም ፎቶግራፍ አንሺዎች ይከተላሉ። ባለፈው ጾም በዴር ሱልጣን ያየነው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማልና እንጽፈዋለን።

አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ፥ አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪን በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ባለው ግቢያችን ለማንሣት ፈቃድ ጠይቆ ተሰጠው። በቀትር ድንጋዩ ብርሃን እየመለሰ የአረጋዊውን ዓይን ስላስጨነቀ፥ ሥራውን ወደ 10 ሰዓት አዛወረው። በግድግዳው ጥላ ሥር ሲያስቀምጣቸው፥ በጉልበታቸው ላይ የተዘረጋው ነጭ ነጠላ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው መለሰው፤ ፍላሽም አላስፈለገም። በገና ቁመቱ ረጅም ስለ ሆነ፥ ካሜራው እጅግ ቢቀርብ መሣሪያው ገዝፎ ሰውየውን ያሳንሳል፤ ስለዚህ ራቅ ብሎ ቆመ።

ከዚያም፥ «አባባ፥ የሚጸልዩ እንዲመስል ጣትዎን አውታሩ ላይ ያድርጉ፥ ዓይንዎንም ይጨፍኑ» አላቸው። አረጋዊው፥ «ልጄ፥ ስጸልይ አንሣኝ፤ ጸሎትን ግን አታስመስለኝ» አሉት።

ነቢዩ ዳዊት በ32ኛው መዝሙር ባለ 10 አውታሩን በገና ያነሣል። አባቶቻችንም 10ሩን አውታር በ10ሩ ትእዛዛት፥ ቀንበሩን በእግዚአብሔር አብ፥ ገበቴውን በእመቤታችን ይመስሉታል። ይህን ታቅፎ የሚቀመጥ ሰው ለንስሓና ለምስጋና ይቀመጣል፤ ሳይጸልዩ የጸሎትን መልክ ማሳየት ከበደባቸው።

ወጣቱ ታዝዞ ዝም አለ። አረጋዊው መቃኘት ጀመሩ። ከበግ አንጀት የተሠራ አውታር እንደ አየሩ እርጥበትና ድርቀት ስለሚለዋወጥ፥ ቅኝቱ ጊዜ ይፈልጋል። መቃኛውን እያዞሩ፥ በበርኩማው ላይ ያለውን እንዚራ እያስተካከሉ፥ ጆሯቸውን ወደ አውታሩ አዘነበሉ፤ ካሜራውንም ረሱት። ወጣቱ ያነሣቸው በዚያን ጊዜ ነው። ከሁሉ የበለጠው ፎቶግራፍም እርሱ ሆነ፤ ፊታቸው የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበርና።

እንግዲህ ለማንሣት የምትፈልጉ ተሳላሚዎች፥ አስቀድማችሁ ከገዳሙ አስተዳደርም ከባለ በገናውም ፈቃድ ጠይቁ። የካሜራችሁን ድምፅ አጥፉ። ደጃቸው የሚታዩት ጎጆዎች የአረጋውያን መነኮሳት ማደሪያ ስለ ሆኑ፥ ያለ ፈቃዳቸው በፎቶግራፋችሁ አታስገቧቸው። ከሁሉም በላይ እስኪቃኝ ታገሡ።