አሸዋ ሲረጭበት ብረት ምን ይሆናል?

በጅቡቲ ከተማ ከባሕሩ ጨው የተነሳ ብረት ቶሎ ይዝጋል። መርከብ ወይም የነዳጅ ጋን ሲታደስ፣ ከቀለም በፊት አሸዋ ወይም ሌላ ሻካራ ብናኝ በኮምፕረሰር ይረጭበታል። ብዙዎቻችን ሥራው ዝገት ማስለቀቅ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ብረቱ ራሱም ይለወጣል።

እንዴት? ፈጥኖ የመጣ ቅንጣት ብረቱን ሲመታው ትንሽ ጎድጓዳ ይሠራል። የተመታው ቆዳ ወደ ጎን መለጠጥ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ያልተመታ ብረት ግን አይለቀውም። ስለዚህ የላይኛው ቆዳ ታምቆ ይቀራል፣ የታችኛው ደግሞ ይወጠራል። መርጨቱ ካቆመም በኋላ ኃይሉ ውስጡ ስለሚቆይ ቀሪ ውጥረት እንለዋለን። የታመቀው ንጣፍ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው።

ጥቅሙስ? ብረት እየተመላለሰ ሲጫን ባብዛኛው የሚሰበረው ከላዩ በሚጀምር ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ የሚከፈተው ሲሳብ ነው፤ የታመቀ ቆዳ ግን አፉን ይዘጋበታል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱትን የጭነት መኪኖች አስቡ። የባሌስትራ ቅጠል ፋብሪካ ውስጥ በክብ የብረት ጥይት የሚደበደበው ለዚሁ ነው። ባሌስትራን በእሳት ማጋል ወይም መሞረድ ይህን ቀጭን ንጣፍ ያጠፋዋል።

ጉዳትም አለው። ክብ ጥይት ያጎደጉዳል፣ ሹል አሸዋ ግን ይቧጭራል፤ ጥልቅ ጭረት ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስስ ላሜራ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ከተመታ ይጎብጣል፤ የተመታው ጎን ወደ ውጭ ያብጣል። የጄኔራል ሞተርሱ ጆን አልመን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ መጉበጥ መለኪያ አደረገው። 76 በ19 ሚሊሜትር የሆነ ስስ ብረት ተደብድቦ የጎበጠው ይለካል፤ ዛሬም ይሠራበታል። ስለዚህ ለስስ ላሜራ ግፊቱን መቀነስና ሁለቱንም ጎን እኩል መርጨት ይሻላል።

ለቀን ሥራ የምትሄዱ ተማሪዎች ግን ከብረቱ በፊት ሳንባችሁን አስቡ። በተራ አሸዋ ውስጥ ሲሊካ አለ። ብናኙ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ፊት ላይ ሻሽ መጠምጠም አይበቃም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚገባበት የራስ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ይህን ሳይሰጥ አሸዋ ርጩ የሚላችሁ አሠሪ ቢያጋጥም፣ «ይቅርብኝ» ማለት ነውር የለውም።