ስለ ሞተር ቢስክሌት ጩኸትና ስለ ጎረቤት ክብር

በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች አጥራቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም አየራቸው አንድ ነው። ሌባን የሚከለክል አጥር ድምፅን አይከለክልም። ስለዚህ ሰው በገዛ ግቢው የሚያደርገው ነገር ድምፁ አጥሩን ባለፈ ጊዜ የጎረቤቱም ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናሳስብ የምንወደው፥ ሞተር ቢስክሌት በቤቱ ያለው ሰው ከጎረቤቶቹ ጋራ በሰላም ስለሚኖርበት መንገድ ነው።

ሞተር ቢስክሌት በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ዋጋው ከመኪና ያነሰ፥ ቤንዚኑም ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሠራተኛውን በጊዜ ከሥራው ያደርሳል፤ ብዙ ቤተ ሰብም እንጀራውን የሚያገኘው በእርሱ ነው። ነቀፋ የሚያመጣው ጩኸቱ ነው፤ ከመጠን ያለፈውም ጩኸት ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ሳይሆን ከባለቤቱ ፈቃድ የመጣ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ቤንዚን በሞተሩ ውስጥ በተቃጠለ ቁጥር የጋለ ጭስ በታላቅ ግፊት ይወጣል። ማርሚታ የተሠራው ይህን ጭስ በልዩ ልዩ ክፍሎችና በተበሳሱ ቱቦዎች እያሳለፈ ግፊቱን እንዲያደክመው ነው። አንዳንድ ወጣቶች ግን የሞተሩ ጉልበት የሚጨምር መስሏቸው፥ ወይም መታየትን ወደው፥ የማርሚታውን ሆድ ዕቃ ያስወጣሉ፤ ወይም በባዶ ቱቦ ያስለውጡታል። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የሚሰማው ልጓም የሌለው ፍንዳታ ነው።

የድምፅ ሊቃውንት ድምፅን ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ይለካሉ። ይህ መለኪያ እንደ ክንድ ወይም እንደ ሜትር አይደለም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፥ ለጆሮም ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ፥ የመንገድ ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል፤ ከዚያ የበለጠው እንቅልፍን ያውካልና።

«መኪና ነጂዎች ጩኸቱን ሰምተው ይጠነቀቁልኛል» የሚሉ ነጂዎች አሉ። ነገር ግን የጭስ ማውጫው አፉ ወደ ኋላ ነው። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 የታተመው ታላቅ ምርመራ እንዳስረዳው፥ በሞተር ቢስክሌት ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ከአራቱ ከሦስት እጅ የሚበልጡት የሚመጡት ከፊት ለፊት በኩል ነው። ስለዚህ ለነጂው የሚበጀው የበራ መብራት፥ ከሩቅ የሚታይ ልብስና የረጋ አነዳድ ነው።

ጎረቤት ዝም ማለቱ መፍቀዱ አይደለም። በአገራችን ይሉኝታ የብዙ ሰው አፍ ይይዛል። አራስ እናት ሕፃኗ እየባነነ ስታባብል ታነጋለች፤ የሌሊት ተረኛ የነበረችው አስታማሚ በቀን መተኛት ይሳናታል፤ ሕመምተኛው ሽማግሌ ልቡ ይመታበታል። ማንም ወጥቶ ባይናገር፥ ሰላምታው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ በሌሊት ምጥ ቢመጣ ደራሹ፥ ሐዘን ቢደርስ ድንኳን ተካዩ ይኸው ጎረቤት ነው። ለአንድ ቱቦ ጩኸት ሲባል ይህን ሀብት ማጣት ታላቅ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ የቤቱ አባወራና እመቤት ሞተር ላለው ልጃቸው የሚከተለውን ቢመክሩት መልካም ነው።

አንደኛ፥ ማርሚታው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይቆይ፤ የተበሳ ወይም የላላ እንደ ሆነም ሳይዘገይ ለመካኒክ ይታይ።

ሁለተኛ፥ በማለዳ ሲወጣና በሌሊት ሲገባ ሞተሩን አጥፍቶ እስከ ዋናው መንገድ ይግፋው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ከመስኮት 5 ሜትር ላይ በማስነሣትና 40 ሜትር ርቆ በማስነሣት መካከል የ18 ዴሲቤል ልዩነት አለ።

ሦስተኛ፥ በግቢ አቁሞ አያስጓራው። በዛሬ ጊዜ የተሠራ ሞተር ረጅም ማሞቅ አይሻም፤ ቀስ ተብሎ ሲነዳ በመንገድ ላይ ይሞቃል።

አራተኛ፥ ለቅሶ ባለበት ቤት፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በመስጊድና በሐኪም ቤት አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ጎረቤትም የራሱ ግዴታ አለበት። በንዴት በሌሊት ከመጮኽ፥ ወይም ሳይነጋገሩ ለፖሊስ ከመክሰስ፥ በቀን ልጁን ጠርቶ «ልጄ፥ ሞተርህ በሌሊት ይቀሰቅሰናል» ማለት ይቀድማል። ልጁም «ይቅርታ፥ አባባ፤ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ቢመልስ ክብሩ አይጎድልም፤ ይጨምራል እንጂ።

ምክር ካልተሰማ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225፥ ባለ ርስት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፥ ሽታና ድምፅ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ሕግም ሲመጣ ጨዋውንና ባለጌውን ሁልጊዜ አይለይም። በኦስትሪያ በቲሮል፥ የመንደር ሰዎች በጩኸት ከተማረሩ በኋላ፥ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በሮይተ አውራጃ በአንዳንድ መንገዶች ላይ፥ ቆሞ ሳለ ድምፁ ከ95 ዴሲቤል በላይ ተብሎ የተመዘገበ ሞተር ቢስክሌት በበጋው ወራት እንዳያልፍ ታገደ። ማርሚታውን ከቶ ያልነካው ሰው ሳይቀር ከመንገዱ ተከለከለ።

እንግዲህ ወጣቶቻችን ሞተራቸውን ሲያስነሡ አስቀድመው የጎረቤታቸውን መስኮት ይመልከቱ። መብራቱ ጠፍቶ ከሆነ፥ ጥቂት እርምጃ መግፋት ድካሙ ትንሽ፥ ምስጋናው ግን ብዙ ነው።