ፀረ አይሁድነትና የጎረቤት ድርሻ

«አይሁዶችማ ዓለምን በገንዘብ ይዘውታል» የሚል አባባል በምሳ ሰዓት ጨዋታ፣ በታክሲ ውስጥ፣ አንዳንዴም በተማሩ ሰዎች መካከል ሲነገር ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። በሕይወቱ አንድም አይሁዳዊ አግኝቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። አድማጩም ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ለመሆኑ ይህ አባባል ከየት መጣ? ሰምተን ስናልፈውስ ምን ያስከትላል? በእኔ እምነት ፀረ አይሁድነት ጉልበት የሚያገኘው ከጎረቤት ዝምታ ነው። የሚገታውም ጎረቤት ሲናገር ነው።

ክሱ እንዴት ተሠራ?

በመካከለኛው ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች አይሁዶች መሬት እንዳይይዙና በባለሙያዎች ማኅበራት እንዳይታቀፉ ተከልክለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርስቲያኖች በወለድ እንዳያበድሩ ታግድ ስለነበር፣ አንዳንድ አይሁዶች ክፍት ሆኖ የቀረውን የማበደር ሥራ ያዙ። ወዲያው «አራጣ አበዳሪዎች» ተብለው ተጠሉ። ሌላው በር ሁሉ ከተዘጋባቸው በኋላ፣ በቀረችው በር በመግባታቸው ተወነጀሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1348 «ጥቁር ሞት» የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጠቃ «የጉድጓድ ውኃ የመረዙት አይሁዶች ናቸው» ተባለ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ክሌመንት 6ኛ በሽታው አይሁዶችንም እየገደለ መሆኑን በመግለጽ ክሱን ተቃወሙ። ሆኖም በ1349 በስትራስቡርግ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች በእሳት ተቃጠሉ።

በ1903 በአንድ የሩሲያ ጋዜጣ ላይ የወጣው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተሰኘ ጽሑፍም አይሁዶች ዓለምን ለመግዛት በምስጢር እንደሚዶልቱ ይተርካል። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 ጽሑፉ የሐሰት መሆኑን አጋለጠ። አብዛኛው የተገለበጠው የፈረንሳዩን ናፖሊዮን 3ኛን ለመተቸት በ1864 ከታተመ መጽሐፍ ሲሆን፣ ያ መጽሐፍ ደግሞ ስለ አይሁዶች የተጻፈ አይደለም። ውሸቱ ከተጋለጠ በኋላም ናዚዎች ለቅስቀሳ ተጠቀሙበት። በመጨረሻም ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ አይሁዶች ተጨፈጨፉ።

በእኛም አገር

«ይህ የፈረንጆች ጣጣ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ርስት ተነፍገው፣ ብዙዎቹ በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራው፣ እመቤቲቱም እንስራዋን የምትገዛው ከእነርሱ ነው። ልጅ ሲታመም ግን «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይባላል። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበል ጎረቤት» እንዲሉ፣ ስሙ ከአንዱ ቤት ወጥቶ መንደሩ ሁሉ ተቀበለው። ርስት ከልክሎ በተረፈው ሙያ መወንጀል ከአውሮፓው ታሪክ በምን ይለያል?

ሃይማኖታዊ ገጽታውንም መዝለል አይገባም። የስቅለትን ታሪክ እየጠቀሱ ዛሬ በሕይወት ያለውን አይሁዳዊ ሁሉ ተጠያቂ ማድረግ ለዘመናት የቆየ ልማድ ነው። ጌታ ኢየሱስ፣ እመቤታችን ማርያምና ሐዋርያቱ ግን ራሳቸው ከአይሁድ ወገን ነበሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1965 ባወጣችው መግለጫ፣ በስቅለቱ ምክንያት ያኔ የነበሩትን አይሁዶች በሙሉ ያለ ልዩነት ወይም የዛሬዎቹን መክሰስ እንደማይገባ አውጃለች።

ጎረቤት ሲናገር

በመስከረም 1943 መጨረሻ በጀርመን ቁጥጥር ሥር በነበረችው ዴንማርክ አይሁዶችን የማፈስ ዕቅድ ተዘጋጀ። ጌኦርግ ዱክቪትዝ የተባለው ጀርመናዊ ባለሥልጣን ምስጢሩን ለዴንማርክ ፖለቲከኞች ሹክ አለ። ሐኪሞች ሰዎችን በሆስፒታል ሸሸጉ፤ ቀሳውስት ተቃውሞአቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ አነበቡ፤ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ወደ ስዊድን አሻገሩ። ብዙዎቹ አጥማጆች ለጉዞው ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ ላጣው ደግሞ ሌሎች አዋጥተው ከፈሉለት። በዚህ መንገድ ከ7,000 በላይ አይሁዶች ተረፉ። የተያዙት 500 አይሞሉም። አገር ያዳኑት እንደ እኛው ያሉ ደመወዝተኞችና ነጋዴዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ በአሜሪካ ሞንታና ክፍለ ግዛት የምትገኘው የቢሊንግስ ከተማ ናት። በታኅሣሥ 1993 የሐኑካ በዓል መቅረዝ ምስል በተለጠፈበት የአንድ ሕፃን መኝታ ክፍል መስኮት ድንጋይ ተወረወረ። የከተማዋ ጋዜጣ የመቅረዙን ሥዕል በሙሉ ገጽ አተመ። ወደ 10,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ክርስቲያን የሆኑ ነዋሪዎች ሥዕሉን በየመስኮታቸው ለጠፉ። የአንዳንዶቹ መስኮት ቢሰበርም የሚለጥፈው ሰው እየበዛ ሄደ። ጥቃት አድራሾቹ የትኛው ቤት የአይሁድ እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ «አይሁዶች እንዲህ ናቸው» ሲባል «ማስረጃህ ምንድነው? የትኞቹ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ጠብ አያስነሳም፤ ወሬውን ግን ያስቆመዋል። ሁለተኛ፣ በስልካችን የሚደርሰንን የሤራ ወሬ ለሌላ አለማስተላለፍ ነው። ሦስተኛ፣ መንግሥትንና ሕዝብን መለየት ነው። የእስራኤልን መንግሥት እንደማንኛውም መንግሥት መተቸት ይቻላል። በዚያ ሳቢያ በፓሪስ ያለን ባለሱቅ ወይም በኒውዮርክ ያለን ተማሪ መሳደብ ግን ጥላቻ ነው። አራተኛ፣ ጥቃት ሲደርስ ሐዘንን ለሐዘንተኛው ብቻ አለመተው ነው። በጥቅምት 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ 11 ሰዎች ሲገደሉ፣ የአሜሪካ ሙስሊሞች ለተጎጂ ቤተሰቦች ገንዘብ አሰባስበው ሰጥተዋል። ለቅሶ መድረስ ለእኛ እንግዳ ባህል አይደለም።

ዛሬ በአይሁዱ ላይ የተወረወረውን ስም ሰምቶ ያለፈ ሰው፣ ነገ በራሱ ብሔር ወይም ሃይማኖት ላይ ሲወረወር ማንን ሊወቅስ ነው? ቀጣዩን የምሳ ሰዓት ጨዋታ ስንቀመጥ ይህን ብናስብበት መልካም ነው።