ለልጁ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ስንገዛ ምን እንይ?

በሮቫ ቤት ልጆቻችን የጌም ኮምፒዩተር ራሳቸው መገጣጠም ይፈልጋሉ። ዕቃውን የሚመርጡት እነሱ፣ ገንዘቡን የምናወጣው ግን እኛ ወላጆችና አያቶች ነን። ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ በዕብራይስጥ ሳፓክ ኮአኽ የሚሉት ሳጥን። ጌሙን አያፈጥን፣ ለዓይን አያምር። ነገር ግን ከግድግዳ የሚመጣውን 230 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀንሶ ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚያድለው እሱ ነው። መናኛ ከሆነ ሲበላሽ ውዱን ዕቃ ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

ስንት ዋት ይበቃል? አርቲኤክስ 4060 የተባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ 115 ዋት ይወስዳል። ኢንቴል ኮር አይ5-12400ኤፍ ፕሮሰሰር እስከ 117 ዋት ይደርሳል። ለቀረው 70 ያህል ብንጨምር 300 ዋት አካባቢ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ይመክራል። ስለዚህ ደህና የ550 ዋት ይበቃል። ሻጩ 850 ካለን ምክንያቱን እንጠይቀው።

ትልቅ ዋት የመብራት ሒሳብ ይጨምራል ብለን አንስጋ። ትልቅ እንስራ ያለው ሰው ብዙ ውኃ አይጠጣም፤ ኮምፒዩተሩም የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

በካርቶኑ ላይ 80 ፕላስ የሚል ምልክት እናገኛለን። ብሮንዝ የሚለው በግማሽ ጭነት ከሚስበው ኤሌክትሪክ 85 ከመቶ ያህሉን ለሥራ ያውላል፤ ጎልድ 90 ያህሉን። የቀረው ሙቀት ይሆናል። በጀት ለጠበበው ብሮንዝ ይበቃል። ምልክቱ ግን ቁጠባን እንጂ ደኅንነትን አይለካም። ስለዚህ ሾርት ሲፈጠር ወይም ከአቅም በላይ ሲጫን ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን፣ የዋስትናውንም ዓመት እንይ። አምራቹ ያልታወቀ፣ ክብደቱ የቀለለ፣ ዋጋውም እጅግ የወረደ ከሆነ እንለፈው። ያገለገለ ከሆነ ዕድሜውን ሳናውቅ አንግዛ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛነውን ዕቃ ከተረከብንበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ እንችላለን። 65 ዓመት ለሞላው፣ አገር ከገባ 5 ዓመት ላልሞላው አዲስ ገቢ እና ለአካል ጉዳተኛ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ ጊዜው እስከ 4 ወር ነው። ዕቃው ብልሽት ከሌለው ሻጩ የሚቆርጠው ከዋጋው 5 ከመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ከሱቅ የገዛነው ግን አንዴ ኤሌክትሪክ ላይ ከተሰካ እንደተጠቀምንበት ይቆጠራል።

ነርሶች ነንና ይህን ሳንል አናልፍም፦ ፓወር ሰፕላዩን ማንም አይክፈተው፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የአሮጌውን ገመድ ለአዲሱ አንጠቀም፤ ጫፉ ቢገጥምም ውስጡ ሊለያይ ይችላል። የክረምት ማሞቂያና ኮምፒዩተር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ። የሚቃጠል ነገር ከሸተተን ፊውዙን እናጥፋ፤ ውኃ አናፍስስበት። እሳት ከተነሣ ሁሉንም ከቤት አውጥተን 102 እንደውል፤ የተጎዳ ካለ 101።

ደረሰኙን ደግሞ ዕቃው በተገዛ ዕለት በስልካችን ፎቶ እናንሣው፤ ወረቀቱ ይደበዝዛል።