በብርሃን የሚሠራ የእጅ ሰዓት

በተለምዶ ሶላር የሚባለው የእጅ ሰዓት በመሠረቱ ኳርትዝ ሰዓት ነው። ጊዜ የሚቆጥርበት መንገድ በየሱቁ ከሚሸጠው ባለ ባትሪ ሰዓት አይለይም፤ የሚለየው ኃይሉን የሚያገኝበት ምንጭ ነው። ተራው ሰዓት ከፋብሪካ ተሞልታ የመጣች፣ ስታልቅ የምትጣል ትንሽ ባትሪ ይዟል። ሶላሩ ግን ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጠ፣ ደግማ ደጋግማ በምትሞላ ባትሪ ውስጥ ያጠራቅማል። ስሙ ከፀሐይ ጋር ቢያያዝም የቤት አምፖል፣ የቢሮ መብራት፣ በደመናማ ቀን በመስኮት የሚገባው ፈዛዛ ብርሃን ሁሉ ይጠቅሙታል።

ይህ የሚቻለው ሰዓቱ የሚፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። በኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጣት ባለው ሹካ ቅርጽ የተሠራች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የኳርትዝ ድንጋይ አለች። ኤሌክትሪክ ሲነካት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ 1 ቁጥር 15 ጊዜ እጥፍ እጥፍ ሲደረግ የሚገኝ ነው። ስለዚህ አንድ ቀላል የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ርግብግብታውን 15 ጊዜ በግማሽ እየከፈለ ሲወርድ በሰከንድ አንድ ምት ብቻ ይቀረዋል። ያ ምት በቀጭን ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፍና አንዲት ትንሽ ማግኔት ግማሽ ዙር ያዞራል፤ ባለ ጥርስ ጎማዎች ዙሩን ተቀብለው ወደ ሰከንድ፣ ወደ ደቂቃና ወደ ሰዓት ቆጣሪዎች ያደርሱታል። በሁለት ምቶች መካከል ሞተሩ ምንም አይወስድም። የአጠቃላዩ ፍጆታ ከአንድ ዋት ጥቂት ሚሊዮንኛ አይዘልም። አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል የሚበላው ኃይል አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዓቶችን ለማንቀሳቀስ ይበቃል ማለት ነው። የሶላር ሰዓት ብልሃት ያለው ብዙ ኃይል ማመንጨቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ቁጠባ ላይ ነው፤ በሰው አንጓ ላይ የምታርፍ ጠባብ ገጽ የምትሰጠው ኤሌክትሪክ ለሌላ ለብዙ ነገር የሚሆን አይደለም።

ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ከሲሊከን የተሠራ፣ ሴል የሚባል ስስ ንጣፍ ነው። ሲሊከኑ በተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ይሠራል፤ በአንዱ ሽፋን ጥቂት ቦሮን፣ በሌላው ጥቂት ፎስፈረስ ይጨመርበታል። ይህ ልዩነት በሽፋኖቹ መካከል የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጥራል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይላቀቃሉ፤ ግፊቱ ወደ አንድ ወገን ይነዳቸዋል፤ በሽቦ ሲገናኙም ኤሌክትሪክ ይፈሳል። በቤት ጣሪያ ላይ የሚታዩት የሶላር ሰሌዳዎች በአብዛኛው ሥርዓት ባለው ክሪስታል ሲሊከን የሚሠሩ ሲሆን፣ ለሰዓት የተመረጠው ግን አቶሞቹ ያለ ሥርዓት የተደረደሩበት ዓይነት ነው። በጠራራ ፀሐይ ከክሪስታሉ ያነሰ ቢያመነጭም በደካማ የቤት ውስጥ ብርሃን የተሻለ ይሠራል፤ በመስታወትና በፕላስቲክ ላይ በጣም ሳስቶ ሊለበጥና በተፈለገው ቅርጽ ሊቆረጥ ይችላል። ሰዓት ከቀኑ አብዛኛውን በጣሪያ ሥር ስለሚውል ምርጫው ትክክል ነበር።

አንድ እንዲህ ያለ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ባትሪዋ ለመሞላት ከ1.5 ቮልት በላይ ስለምትፈልግ፣ ክቡ ንጣፍ ተከፋፍሎ ክፍልፋዮቹ በተከታታይ ይያያዛሉ። በቀደሙት ሞዴሎች ንጣፉ የሚከፈለው በመስቀል መስመር ለአራት ነበር። የዚያን ዘመን ሰዓት ወደ መስኮት ጠጋ አድርጎ፣ ብርሃን በአግድም እንዲመታው እያዘነበለ ለሚያየው ሰው ከፊቱ ቀለም ሥር ያ መስቀል ፈዘዝ ብሎ ይታየዋል። ከዚህ አያያዝ የሚመጣ አንድ ችግርም አለ፦ ክፍልፋዮቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ከአራቱ አንዱ በእጅጌ ጫፍ ከተሸፈነ የሦስቱም ፍሰት አብሮ ይቀንሳል። ግማሽ ፊቱ ብርሃን ያገኘ ሰዓት ግማሽ ኃይል ያገኛል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

የብርሃን መጠን ልዩነት ዓይን ከሚገምተው በላይ ሰፊ ነው። በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ይሰጣል፤ በደንብ የበራ ቢሮ ግን 500 ሉክስ ቢሰጥ ነው። ዓይን ራሱን ከሁለቱም ጋር ስለሚያስማማ ቢሮው ብሩህ ሆኖ ይታየዋል፤ ለሰዓቱ ግን ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ የሚበቃውን ኃይል ለማግኘት ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሲበቃ በቢሮ ብርሃን ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል። ባዶ የሆነች ባትሪን በቢሮ ብርሃን ብቻ እስከ አፏ ለመሙላት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ያስፈልጋሉ።

የተገኘው ኃይል የሚገባባት ባትሪ እንደ ጎተራ ናት፤ በብርሃን ጊዜ የገባው በጨለማ ጊዜ ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ያለባት፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ናት። በመንገዱ ላይ ኃይሉ ሌሊት ተመልሶ ወደ ሴሉ እንዳይፈስ የሚያግድ ዳዮድ፣ ባትሪዋ ስትሞላም ትርፉን የሚያስቀር መቆጣጠሪያ አለ፤ ስለዚህ ሰዓትን ብርሃን ላይ ማቆየት ከመጠን በላይ አይሞላውም። ሙሉ የሆነ የተለመደ ሞዴል ብርሃን ሳያይ 6 ወር ያህል ይሄዳል። አንዳንዶቹ ጨለማው ሲረዝም ቆጣሪዎቻቸውን አቁመው ይተኛሉ፤ ውስጣዊው ቆጠራ ግን ይቀጥላል። ብርሃን ሲነካቸው ቆጣሪዎቹ በፍጥነት ዞረው ትክክለኛው ሰዓት ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ያሉት ለዓመታት መቆየት ይችላሉ። ኃይል እያለቀ ሲመጣ የሚሰጠው ምልክት ቀላል ነው፦ የሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ መርገጡን ትቶ በየሁለት ሰከንዱ ሁለት ሁለት እርምጃ ይዘላል። ይህን አይቶ ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሰዓት ሠሪ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ መድኃኒቱ ግን መስኮት ዳር ማስቀመጥ ነው።

የሲሊከን ሴል ለሥራ የሚበቃ ሆኖ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ነው። ወደ እጅ ሰዓት ያመጣው ደግሞ አሜሪካዊው ሮጀር ሪል ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲንክሮናር የተባለውን ባለ አኃዝ ሰዓት ሠራ። በዚያ ሰዓት የላይኛው ገጽ በሙሉ ለሴሎቹ ስለተሰጠ ቁጥሮቹ የሚነበቡት ከጎን ነበር። ቆጣሪ ያለው የመጀመሪያው ሶላር ሰዓት በ1976 ከጃፓኑ ሲቲዝን ወጣ። ሴሎቹ በፊቱ ላይ ተደርድረው በግልጽ ይታዩ ስለነበር፣ መልኩ ከጌጥ ይልቅ ወደ መሣሪያ ያደላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሴሉን ከዓይን የመሰወር ታሪክ ነው። መፍትሔው የሰዓቱን ፊት በከፊል ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር መሥራትና ሴሉን ከሥሩ መደበቅ ሆነ። ሲቲዝን በ1995 ኤኮ ድራይቭ ብሎ ያወጣው መስመር በዚህ መንገድ ተራ ሰዓት የሚመስል ሶላር ሰዓት ለብዙኃኑ አደረሰ። ካሲዮ በጂ ሾክ ጠንካራ ሰዓቶቹ፣ ሴይኮም በራሱ ሞዴሎች ተከተሉ። በ2016 ሲቲዝን የውስጥ ማሽኑ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ አካሉ 2.98 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ሰዓት ሠራ። በ2019 ደግሞ በሰከንድ 8,388,608 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ ይዞ፣ በዓመት ከ1 ሰከንድ በላይ የማይዛነፍ ሌላ በብርሃን የሚሠራ ሰዓት አቀረበ። ፈረንሳዊው ካርቲዬ በ2021 ያወጣው የታንክ ሞዴል ሰዓት ብርሃኑን የሚያስገባው በሮማውያን ቁጥሮቹ ላይ በተበሱ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ቀድሞ ለጌጥ ሰዓት አይሆንም ይባል የነበረው ዘዴ እዚህ ደርሷል።

ትልቁ ጥቅም ባትሪ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ከመቀየር መገላገል ነው፤ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ለሰዓቱ ጤና ይበጃል። የኋላ ክዳን በተከፈተ ቁጥር አቧራና እርጥበት ይገባል፤ ውኃ የሚከለክለው ቀለበት ጎማም ሊቆነጠጥ ወይም ሊጣመም ይችላል። ብዙ ሰዓቶች ውኃ የሚገባባቸው ባትሪ ከተቀየረላቸው በኋላ የግፊት ፍተሻ ሳይደረግላቸው ስለሚዘጉ ነው። አልቃ የተረሳች ባትሪም ፈሳሽ አውጥታ የውስጡን ክፍል ልትበላው ትችላለች። ለሶላር ሰዓት እነዚህ አደጋዎች እጅግ ያነሱ ናቸው። በእጅ እንቅስቃሴ ከሚሞላ ሜካኒካል ሰዓት ጋር ሲመዘንም ብልጫው ጎልቶ ይታያል፦ ሜካኒካሉ ከእጅ ከወለቀ በሁለት ቀን ገደማ ይቆማል፤ ሶላሩ ወራት ይጠብቃል። የተለመደው ሶላር ሰዓት ዝንፈት እንደ ማንኛውም ኳርትዝ በወር 15 ሰከንድ ገደማ ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ባትሪ አይቀየርም ከሚለው የማስታወቂያ ቃል ነው። ተሞይዋ ባትሪ ዕድሜዋ ረጅም ቢሆንም ዘላለማዊ አይደለችም። በተለይ ባዶ ሆና በጨለማ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ከቆየች የመያዝ አቅሟ ይደክማል፤ ያኔ ሰዓቱ ቀን እየሄደ ሌሊት መቆም ይጀምራል። ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ ለሚለብስ፣ በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ወይም ብዙ ሰዓቶች ኖረውት አንዱን በዓመት አንድ ቀን ለሚያጠልቅ ሰው ሶላር ጥሩ ምርጫ አይደለም። ሙቀትም ጠላቱ ነው፦ ለመሙላት ተብሎ ኃይለኛ አምፖል ሥር ወይም በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ሰዓት ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ባትሪውንም ማሽኑንም ይጎዳል። ዋጋው ከተመሳሳይ ተራ ኳርትዝ ይበልጣል። ፊቱ ብርሃን ማሳለፍ ስላለበትም ሙሉ በሙሉ በብረት የተሠራና የተቀረጸ ገጽ ለሠሪዎቹ አይመችም።

አንዳንድ ሶላር ሰዓቶች የሚተርፋቸውን ኃይል ከውጭ ምልክት ተቀብለው ራሳቸውን ለማስተካከል ያውሉታል። በሬዲዮ ምልክት የሚስተካከሉት ለኢትዮጵያ ነዋሪ በዚህ ረገድ አይጠቅሙም። ጀርመን ፍራንክፈርት አቅራቢያ ያለው ማሠራጫ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የቻይናና የጃፓን ማሠራጫዎችም አዲስ አበባን አይሸፍኑም። ከጀርመን በስጦታ የመጣ እንዲህ ያለ ሰዓት አዲስ አበባ ሲገባ እንደ ተራ ኳርትዝ በእጅ ይስተካከላል። ከሳተላይት የሚቀበሉት ግን የትም ይሠራሉ። እነዚህ ያሉበትን አገር አውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሚያሳዩ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ቆጣሪው 1 ላይ ይሆናል። በሐበሻ ሰዓት ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሰዓት ቀጠናውን በእጁ ወደ ቶኪዮ ወይም ወደ ቦነስ አይረስ ቢቀይረው ቆጣሪው 7 ላይ ይውላል፤ ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይራራቃሉ፣ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ። ቀን ለሚያሳይ ሰዓት ቦነስ አይረስ ይሻላል፤ በቶኪዮ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ በቦነስ አይረስ ግን ልክ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው።

የቆመ ሶላር ሰዓት ያገኘ ሰው መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው ለጥቂት ቀናት መስኮት ዳር፣ ሙቀት በማይበዛበት ቦታ ፊቱን ወደ ብርሃን አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያም በኋላ ሌሊቱን ካልዘለቀ ባትሪዋ መቀየር አለባት። በዚህ ጊዜ ለሰዓት ሠሪው ሰዓቱ ሶላር መሆኑን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ልኳ የገጠመች ተራ ባትሪ ብትገባበት ሰዓቱ ለጊዜው ይነሳል፤ ነገር ግን ሴሉ ልትሞላ ያልተሠራችውን ባትሪ ለመሙላት ስለሚገፋ ልታብጥ፣ ፈሳሽ ልታወጣና ማሽኑን ልታበላሽ ትችላለች። የምትተካው ለዚያው ሞዴል የተመደበችው ተሞይ ባትሪ መሆን አለባት፤ ክዳኑ ከተከፈተ አይቀርም ቀለበት ጎማው አብሮ ቢቀየር መልካም ነው።