ቀበቶው በጨዋታ መሀል እንዳይፈታ

የእግር ኳስ ተጫዋች የጫማው ክር ቢፈታ ጎንበስ ብሎ ያስርና ይቀጥላል። በጁዶ ግን ያለ ዳኛ ፈቃድ ቀበቶን ፈትቶ ማሰር ሺዶ ያስቀጣል። ስለዚህ ገዢ ከቀለሙ በፊት ጨርቁን ይይ።

ሱቅ ሲገባ ዓይን የሚስበው አብረቅራቂው የሳቲን ቀበቶ ነው። ያምራል፣ ግን ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው ቶሎ ይላላል። ቆይቶም ጥቁሩ ሽፋን ይበላና ከውስጥ ነጩ ጥጥ ብቅ ይላል። እርግጥ ይህን የልምድ ምልክት ነው ብሎ የሚኮራበት አይጠፋም። ሙሉ ጥጥ የሆነው አያብረቀርቅም፣ ሲታሰር ግን ይይዛል። አዲሱ ድርቅ ስለሚል የተሸወደ የሚመስለው ሰው አለ፤ በልምምድ ይለሰልሳል።

መፈተኑ ቀላል ነው። ቀበቶውን አጥፎ ጫን ማድረግ፤ ልፍስፍስ ካለ ውስጡ በቂ ጥጥ የለውም። የስፌቱ መስመሮች ቀጥ ያሉና የተቀራረቡ ይሁኑ፤ ጫፉ ከወዲሁ የሚተረተር ከሆነ ይለፉት።

ለልጅ “ያድግበታል” ብሎ ረጅም መግዛት ለሱሪ እንጂ ለቀበቶ አይሆንም። በጁዶ ውድድር ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው።

ባለቀለም ቀበቶዎችን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ያስለመደው ጃፓናዊው ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ ነው፤ ተማሪ እንዲበረታታ ብሎ ነው ይባላል። ጀማሪ ቀለሙን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር ርካሹ ይበቃዋል። ገንዘብ የሚወጣው ለዓመታት ለሚታሰረው ለጥቁሩ ነው። ስም ማስጠለፍም አለ፤ እሱ እንኳ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይድረስ።