ሞላላ ጥርስ ፔዳሉን እንዴት ያሳስተዋል?

የብስክሌት ነጂን ኃይል በዋት የሚለኩ ፔዳሎች አሉ። ልኩን ይናገራሉ ወይ? መልሱ ሰንሰለቱን በሚስበው የፊት ጥርስ ቅርጽ ላይም ይመረኮዛል።

ጥርሱ ክብ ሲሆን እግር በአንድ ዙር ውስጥ ከሞላ ጎደል በእኩል ፍጥነት ይዞራል። ክሪስ ፍሩም በ2013 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ባሸነፈበት ዓይነት ሞላላ ጥርስ ግን እግር ጠንክሮ ሲረግጥ ዙሩ ይዘገያል፤ ሲላላ ይፈጥናል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አንዳንዱ መለኪያ የመዘወር ጉልበቱን በእኩል የጊዜ ልዩነት እየመዘገበ አማካዩን ያወጣና በዙሩ አማካይ ፍጥነት ያባዛዋል። እስቲ እናስላው። አንድ ዙር 1 ሰከንድ ይፍጅ። በመጀመሪያው ግማሽ ዙር ጉልበቱ 50 ኒውተን ሜትር፣ ጊዜው 0.52 ሰከንድ፤ በሁለተኛው 10 ኒውተን ሜትርና 0.48 ሰከንድ ይሁን። ሁለቱ ግማሾች እኩል መንገድ ስለሆኑ የጉልበቱ አማካይ 30 ነው፤ በ6.28 ሲባዛ ወደ 188.5 ዋት ይሆናል። መለኪያው ግን የዘገየውን ግማሽ አብዝቶ ስለሚቆጥር አማካዩን 30.8 ያደርግና ወደ 193.5 ዋት ያሳያል። ትርፉ 5 ዋት ከየት መጣ? ከእግር ሳይሆን ከስሌቱ ነው።

ስለዚህ ጥርሱን የቀየረ ሰው «በረታሁ» ብሎ ልምምዱን ቢያከብድ፣ በሌለ ጉልበት ተማምኖ ይደክማል። መድኃኒቱ ፍጥነቱንም በየቅጽበቱ መለካት ነው፤ የጣሊያኑ ፋቬሮ አሲዮማ ፔዳል በውስጡ ባለው ጃይሮስኮፕ ይህንኑ ያደርጋል።

እኛም ክፍል ገብተን አማካይን ስናስተምር ይህችን ስሌት በሰሌዳ ላይ እናውጣት። ተማሪው ቁጥሩን ከመቀበሉ በፊት «መሣሪያው ምኑን እኩል ነው ብሎ ገመተ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ።